ሦስተኛውን ጥያቄ ሳልጠይቀው

እትዬ ጠይባ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ሰላምታዬ ከአንቺ ይጀምርና ቤቱን ሁሉ ይዙር። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርዱ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ያ ቀኝ እግርሽ ይነሣብሻል ወይስ ዘንድሮ ማረሽ? ዓይንሽስ? መነጽሩን ታደርጊዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽበት መርፌውን በዳበሳ ታሾልኪያለሽ? የጋሽ ሰዒድ ደም ግፊት ወረደላቸው? ጨው ተዉ ወይስ አንቺ ዘወር ስትዪ ይነሰንሳሉ? ሉሉ ከእነልጇ እንዴት ናት? ጎረቤታችን እማማ ተናኘስ በሕይወት አሉ? አንድ በአንድ ንገሪኝ። እኔ እዚህ ላይ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አምላኬን አመሰግናለሁ፤ ደህና ነኝ ግን አልልሽም። ለምን እንደማልል ከታች ታገኚዋለሽ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ አብዱልአዚዝ ነው፤ እዚህ ጄኔቫ፣ ፓኪ በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ሱቅ ያለው፣ ያ ሳቂታ ወዳጄ። እናቱን ሊጠይቅ የፊታችን ሐሙስ ይነሣል። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አቃተኝ። በመስከረም መጨረሻ ስትደውዪ «ያሲር ትንሽ ሆዱን አሞት ነበር፣ ተሽሎታል» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። ያሳደግሽውን የልጄን ነገር ከአንቺ መደበቅ አልነበረብኝም፣ አውፍ በዪኝ።

ያሲር ሊሞት ነበር። ትርፍ አንጀቱ ሆዱ ውስጥ ፈንድቶ፣ መግሉ እየተሠራጨ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ ገብቶ ወጥቷል። እንደምታውቂው ዙሪክ፣ ቪዲኮን በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ ከቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ባለ የብስክሌት መጠገኛ ይሠራል። የተጣመመ ጎማ የሚያቃናው እሱ ነው። ሽቦውን በጣቱ እየነካ፣ ድምፁን እያዳመጠ ነው የሚያስተካክለው። ከተማው ውስጥ እንደ እሱ የሚያቃና የለም ይላሉ፤ ይህን እንኳ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ረቡዕ ዕለት ነው። ረፋዱ ላይ ደወለልኝ። እኔ ግራንድ ሳኮኔ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለው የኤግዚቢሽን አዳራሽ ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ መድረክ ከፕላኑ አራት ሳንቲ ሜትር አዝምመው አቁመውት፣ ይፍረስ አይፍረስ እየተባባልን ነበር። ያሲር ቀን ቀን አይደውልም፤ መልእክት ይጽፋል እንጂ መደወልን ራሱን አይወድም። ያ ብቻውን ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። እንዴት ነህ አልኩት። «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ። ሥራስ፣ ጤናስ አልኩት። «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ። በል ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁ። ማታ አልደወልኩም። መድረኩን ግን አስፈርሻለሁ።

በማግሥቱ ብቻውን ሐኪም ዘንድ ሄደ። የሐኪሙን ስም አልጠራውም፤ ብጠራው ስድብ ይከተላል። ሐኪሙ ሕመምህን ከዜሮ እስከ ዐሥር በቁጥር ንገረኝ፣ ዐሥር ማለት ሰው ሊያስበው የሚችለው የመጨረሻው ሥቃይ ነው አለው። ያሲርም የተባለውን አደረገ፤ አሰበ። በቁሙ የሚቃጠል ሰው ዐሥር፣ እጁ ማሽን ውስጥ የገባ ሰው ሰባት ብሎ ደረጃ አወጣና ለራሱ ሦስት ሰጠ። ሐኪሙ ፊቱን ቢያይ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘው።

ያተረፈችው ናኒ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ እዚያው መጠገኛ ቤት ደንበኛ የምትቀበል። ዓርብ ጠዋት ያሲር ሥራው ላይ ቆሞ ጎማ እያሽከረከረ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ፣ ሳይወጣ ሳይወርድ፣ እንደ ንብ እም ይላል አለችኝ። ከዚያ ግንባሩን የብረት በሩ ላይ ለጥፎ ቆመ። ሌሎቹ ሠራተኞች እየዘፈነ ነው ብለው ቀለዱበት። እሷ ግን ይኼ ዘፈን አይደለም ብላ አምቡላንስ ጠራች። ሆስፒታሉ መቀበያ ላይ ረጋ ብሎ ተቀምጦ ያዩት ሰዎች ተራ ይጠብቅ ሲሏት ጠረጴዛውን ደብድባ ጮኸች። «ጋሼ፣ እሱ ስለማይጮኽ እኔ ጮኽኩለት» አለችኝ። የሰው ልጅ ናት። እኔ አባቱ በዚያች ሰዓት ምሳ እበላ ነበር።

ከጄኔቫ ዙሪክ ባቡሩ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ስደርስ ቀዶ ጥገናው አልቋል። አንጀቱን ለጊዜው በሆዱ በኩል አውጥተው ከረጢት አድርገውለታል። አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ እጁን ያዝኩና በአውራ ጣቴ እየደባበስኩ አለቀስኩ። አንድ ሰዓት ያህል ደባበስኩት። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ዝም። ኋላ ነርሷ መጥታ ቀስ ብላ እጄን አነሣችና፣ ቀላል መዳበስ ለእሱ እንደ ቃጠሎ ነው፣ መያዝ ካለብህ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ወይ ተወው አለችኝ። ለምን ዝም አልከኝ ብዬ ጠየቅኩት። ሕመም ሲበረታበት አንደበቱ ይዘጋል፤ ስለዚህ ስልኩ ላይ ጻፈልኝ። በአማርኛ ነው የጻፈው፣ አንቺ ባስቆጠርሽው ፊደል። «እያለቀስክ ነበር። ባነሣው ትቆጣለህ ብዬ ነው።» ቀጥሎም ይህን ጻፈ፦ «ረቡዕ ሁለት ጊዜ ነው የጠየቅኸኝ። ሦስተኛውን ስጠብቅ ዘጋኸው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። የማደንዘዣው ቅዠት መሰለኝ። ኮሪደር ወጥቼ ስቆም ነው የመጣልኝ።

እትዬ፣ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያሲር ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖት እኔ ዘንድ በመጣ በመጀመሪያው ዒድ፣ ቤቴ በእንግዳ ሞልቶ ነበር። አብዱልአዚዝ «ያሲሮ፣ እንዴት ነህ?» ቢለው፣ «የካልሲዬ ስፌት ጣቴን ይቆርጠኛል፣ ያንተ ሽቶ ደግሞ ጭንቅላቴን ይወጋኛል» ብሎ መለሰለት። አብዱልአዚዝ «ዓብዱልሰመድ፣ ይኼ ልጅ ነው የጤና ጥበቃ ሪፖርት?» አለ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም። አዋረደኝ ብዬ ነው ያሰብኩት። እንግዶቹ ሲሄዱ በሩ ሥር አቆምኩትና እኔ እንግዳ ሆኜ እየገባሁ አለማመድኩት። ሰው ሲጠይቅህ ታመሰግናለህ። ደግሞ ሲጠይቅህ ታመሰግናለህ። ሦስተኛ ከጠየቀህ የእውነት ማወቅ ይፈልጋል፣ ያን ጊዜ የሚያምህን ትናገራለህ አልኩት። ሲሳሳት እንደገና፣ ሲሳሳት እንደገና። ሠላሳ ጊዜ ሳያልፍ አልቀረም።

በእኛ አገር ልክ ነበርኩ። ወሎ ውስጥ ሰላምታ ሦስትም አራትም ዙር ይሄዳል፣ እውነቱ በሦስተኛው ላይ ብቅ ይላል። እዚህ አገር ግን ሦስት ጊዜ የሚጠይቅ ሰው የለም። እኔ ራሴ ከመጣሁ ወዲህ ሁለት ላይ ማቆም ለምጃለሁ። ልጄ ደግሞ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሕጉን አንድም ቀን ሳያዛንፍ ጠበቀልኝ። አንጀቱ ፈንድቶ እንኳ ጠበቀልኝ። እኔ በአራት ሳንቲ ሜትር ሰው የማስለቅስ ሰውዬ፣ ከልጄ ጋር የሠራሁት መለኪያ ሊገድለው ነበር።

አሁን ወደ ኋላ እያየሁ ነው የምበሳጨው። ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ላይ ትምህርት ቤት ወድቆ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ቤት መጥቶ እራቱን በላ፣ የቤት ሥራውን በግራ እጁ ሠራ። ሁለት ቀን እንደዚያ ከረመ። አስተማሪዋ ጠርታ ስትቆጣኝ እኔ ውስጤ ኮርቷል፤ ልጄ ወንድ ነው፣ አይጮኽም ብዬ ፓኪ ላይ ለሰው ሁሉ አወራሁ። በዚያው ወር ፀጉር ቤት ወስጄው ማሽኑ ጆሮው ሥር ሲደርስ እሪ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየን በጥፊ መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ዝም ያለ ልጅ ለፀጉር ማሽን የሚጮኸው ቢያስመስል ነው፣ ሊያዋርደኝ ቢፈልግ ነው ብዬ ደመደምኩ። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ ሰው፣ ያለ ማስረጃ የደረስኩበት ድምዳሜ ይህ ነው።

ሃያ አራት ዓመት ሲሞላው ራሱ ሄዶ ተመረመረ፤ ኦቲዝም ነው አሉት። ደውሎ ሲነግረኝ የፈረንጅ ሰበብ ነው፣ ሰው ሁሉ ዛሬ የበሽታ ስም ይፈልጋል አልኩት። አራት ወር አልተነጋገርንም። ፓኪ ያሉት ሰዎች አንዱ ዓይነ ጥላ፣ አንዱ ጂን ሲሉ እኔ ሞኞች ናችሁ እላቸው ነበር። እነሱ እንኳ አንድ ነገር እንዳለ አምነዋል፤ የካድኩት እኔ ነኝ።

ካገገመ በኋላ ሕመሙን እንዴት እንደሚያየው እንዲያስረዳኝ ለመንኩት። ዝም ብዬ እንደማዳምጥ አስምሎኝ ነው የነገረኝ። ሕመም እንደ ሌላው ሰው «እዚህ ጋ» ብሎ አይመጣልኝም አለኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ሰው በአንድ ላይ ሲጮኽ ማን እንደጮኸ ትለያለህ? ከሆድ የሚመጣው እንደዚያ ነው፤ የሆነ ነገር ክፉ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የት እንደሆነና ምን እንደሆነ ለማወቅ ሰዓታት ይፈጅብኛል አለ። የሸሚዝ ስፌት ግን በጣቴ ልነካው እችላለሁ፣ ስለዚህ ስለ እሱ እጮኻለሁ። ሁለቱም ያማል፤ አንዱን መናገር እችላለሁ፣ ሌላውን አልችልም። ፊቴ ደግሞ ትእዛዝ አይደርሰውም አለኝ። ሆስፒታል ውስጥ ከቁስሉ ይልቅ ያሠቃየው ሌሊትና ቀን ጢጥ ጢጥ የሚለው መሣሪያና የመብራቱ ድምፅ ነበር። መብራት ድምፅ አለው እንዴ ልለው አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ሁሉም ኦቲዝም ያለበት ሰው እንደ እኔ አይደለም፣ ትንሿ ቁስል የምታሳብደው አለ፣ የተሰበረ እግሩን ቆይቶ የሚያውቅ አለ፤ አንዱን አይተህ ሌላውን አትለካ ብሎም አስጠነቀቀኝ። ያውቀኛል።

ከዚያ በኋላ ንዴቴን የማወጣበት አገኘሁ። በዚያ ሐኪም ላይ ስድስት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ፣ በተራ ቁጥር፣ በሰዓትና በደቂቃ። ሳልልከው ለያሲር አሳየሁት። አነበበና የፊደል ስህተት ሁለት አገኘልኝ። ከዚያ «አባ፣ እሱ አንድ ጊዜ ጠየቀኝ፣ አንተ ሁለት ጊዜ። የሱን ከጻፍክ የራስህንም ጻፍ» አለኝ። በክፋት አይደለም፤ ሒሳቡ እንደዚያ ስለሆነ ነው። አቤቱታውን አልላክሁም። የራሴን ነው አሁን ለአንቺ የምጽፈው።

እንግዲህ የምለምንሽ ነገር ይህ ነው። ጥር 5 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አለበት፤ አንጀቱን ወደ ቦታው ይመልሱለታል። ሆስፒታሉ አስቀድሞ የሚሞላ ወረቀት ሰጥቶታል። ሲያመኝ ምን አደርጋለሁ፣ የትኛው መነካት ይጎዳኛል፣ የትኛው ያሳርፈኛል፣ ሳልጠይቅ መድኃኒት ሊሰጠኝ የሚገባው ምን ሲታይብኝ ነው ይላል። ያሲር የሚያውቀውን ሞላ። የቀረው ግን ከውጭ የሚታየው ነው፤ ሲያመኝ እኔ ራሴን አላየውም፣ ያየኝ ሰው ይጻፈው አለ። እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የጻፍኩት «አይጮኽም» የሚል አንዲት ቃል ነው። ሰረዘውና፣ ይኼ የማላደርገው ነው፣ የማደርገውን ጻፍ አለኝ። ሌላ አልነበረኝም። አብሬው የኖርኩት ስምንት ዓመት ነው፤ አላየሁም።

አንቺ አይተሻል። ቦሌ ላይ ልጁን ስታስረክቢኝ ክንዴን ይዘሽ «ዓብዱ፣ ሲያመው እንዲህ ነው የሚሆነው» ብለሽ ልትነግሪኝ ጀምረሽ ነበር። እናቱ ቢልቂስ፣ ነፍሷን ይማራት፣ ከሞተች ወዲያ ሰባት ዓመት ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። እኔ ግን ልጄን አንቺ አታስተዋውቂኝም አልኩሽ። አፍሽን በሻሽሽ ከለልሽ። ስፌታቸውን ወደ ውጭ አድርገሽ የሰፋሽለትን ስድስት ሸሚዞችም፣ ተገልብጦ የለበሰ ይመስላል፣ ሰው ይስቅብናል ብዬ ጄኔቫ በገባን በሳምንቱ ጣልኳቸው። ለምን እንደዚያ እንደሰፋሽ አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩሽም። የወንድምነት ይቅርታ ከመጠየቄ በፊት ይህን ልጻፍ ብዬ ነው፤ ማሪኝ።

ያን ቀን ልትዪ የነበረውን አሁን ጻፊው። ስድስት ዓመቱ ላይ ጆሮው ሲመግልበት በምን አወቅሽ? ጥርሱ ሲነቀል ምን አደረገ? ግንባሩን ቆርቆሮው ላይ ይለጥፍ ነበር? እም ይል ነበር? መብላት ያቆማል ወይስ እንዲያውም ይበዛበታል? ያሳረፈው ምን ነበር? የማይረባ መስሎሽ የምትተዪው ነገር አይኑር። ስለ እኔ መጻፍ ያለብሽ ነገር ካለም አታለስልሺው። ለእኔ ግን አትላኪው። አብዱልአዚዝ በታኅሣሥ መጨረሻ ሲመለስ አሽገሽ ስጪው፣ ዙሪክ ድረስ ለያሲር በእጁ ይሰጥልኛል። እንድሰማው ከፈቀደ ያነብብልኛል፣ ካልፈቀደም መብቱ ነው። ቀዶ ጥገናው ዕለት ኮሪደሩ ላይ እንድቀመጥ ፈቅዶልኛል።

ስልክሽን ደግሞ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሞልተሽ ከአጠገብሽ አድርጊው፤ መብራት እንዳይጠፋብሽ ከዋዜማው ሙዪው። ምናልባት ከሆስፒታሉ በአስተርጓሚ ይደውሉልሽ ይሆናል። ከወረቀቱ ግርጌ «ሲያመኝ የሚያውቀኝ ሰው» የሚል መስመር አለ፣ እዚያ ላይ ያሲር የአንቺን ስም ጽፏል። የስልክ ቁጥርሽን በ09 ጀምሮ ነበር የጻፈው፣ እንደዚያ ከዙሪክ አይገባም። ብዕሩን ተቀብዬ ዜሮውን ሰረዝኩና ከፊቱ 251 ጨመርኩ። ቁጥሩን አየና ወረቀቱን አጠፈው። ከጻፍኩት ሁሉ ሳይሰርዝ የተወልኝ እሱን ነው።

ለጋሽ ሰዒድ እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ። ሉሉን ከእነልጇ ሳሚልኝ። ለእማማ ተናኘ፣ ካሉ፣ ስሜን ጠርተሽ ሰላም በዪልኝ፤ አብራሽ ልብስ ለምትሰፋው ለኂሩትም እንዲሁ። ዱዓችሁ አይለየን።

ወንድምሽ ዓብዱልሰመድ
ጄኔቫ፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.